ታርዛን፣ ወንድሜና ሽፍቶቹ

ታላቅ ወንድሜ ግራ እጁ የተሰበረው በታርዛን ምክንያት ነው። ዛሬም በስልክ ስናወራ ያነሳዋል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የታርዛን ሳይሆን የገመዱ ነው ባይ ነኝ። ገመዱ የጎረቤት ጥጃ የሚታሰርበት ነበር። ዛፉ ደግሞ ዘይቱን። ዘይቱን ቀጭን ዛፍ ነው፤ ሰው ሊወዛወዝበት አልተፈጠረም። ናዝሬት ግቢያችን ውስጥ የነበረው ዛፍ ግን እሱ ብቻ ነው። ወንድሜ ወጣ፣ ደረቱን ደቃ፣ ያንን የታወቀ ጩኸት ለቀቀና ዘለለ። ወጌሻው ሲያሸው የጮኸው ግን ከዛፉ ላይ ከጮኸው በብዙ ይበልጥ ነበር። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር በቤቷ እንዳይነሳ ከለከለች። ክልከላው አንድ ሳምንት ቆየ።

ቪዲዮ ቤቱ አንድ ክፍል ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ ሦስት አግዳሚ፣ ከፊት ቴሌቪዥንና ዴክ። መግቢያው 25 ሳንቲም ነው። መብራት ከጠፋ ገንዘብ አይመለስም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ራምቦ፣ ብሩስ ሊና የህንድ ፊልም ነበር። እንግሊዝኛ የምናውቅ ስላልነበርን ከፊት የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ ይተረጉምልናል። ትርጉሙ የራሱ ፈጠራ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አክተሩ አንድ ቃል ሲናገር እሱ ግማሽ ደቂቃ ያወራል። ስድብ ይጨምራል። የሰፈር ሰው ስም ያስገባል።

አንድ ቀን ባለቤቱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጥቁርና ነጭ ፊልም አስገባ። ካሴቱ ተቧጥሯል፤ ሥዕሉ ዝናብ ይዘንብበታል። ሕፃናቱ «ቀይር!» እያልን ጮህን። ጥቂት ቆይቶ ግን ዝም አልን። እርቃኑን ሊሆን ትንሽ የቀረው አንድ ሰው ከዛፍ ዛፍ እየበረረ መጣ። አንበሳ ገደለ። ዝሆን ጠራ። ተርጓሚያችን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሰውዬው ግን አይናገርም። ሲናገርም አንዲት ቃል ናት። ያን ቀን ጎረምሳው ሥራ ፈቶ ዋለ፤ እኛ ደግሞ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የፈረንጅ ፊልም ያለ ማንም እርዳታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገባን።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ወንድሜ ነው። አሁን የሚኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ባለፈው ደውሎ «የት እንዳለሁ ገምት» አለኝ። ከአውራ ጎዳናው ዳር «ታርዛና» የሚል ታፔላ አይቶ ተገንጥሎ ገብቷል። የሰፈር ስም ነው። ቀልድ መስሎት ነበር።

ቀልድ አይደለም። የታርዛን ደራሲ ኤድጋር ራይስ ባሮውስ በ1919 እዚያ አካባቢ ሰፊ እርሻ ገዝቶ በገጸ ባሕሪው ስም ጠራው፤ በኋላ ዙሪያው ሲሰፍር ስሙ የሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የፊልም ታሪክ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲጻፍ እኔንም ያምታታኛል።) ባሮውስ የቺካጎ ልጅ ነው። ብዙ ሥራ ሞክሮ አንዱም አልሆነለትም፤ የእርሳስ መቅረጫ ሽያጭ ውስጥም ገብቶ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ካለፈ በኋላ ርካሽ ወረቀት ላይ ለሚታተሙ የልብ ወለድ መጽሔቶች መጻፍ ጀመረ። ታርዛን በ1912 በአንድ መጽሔት ወጣ፤ የተከፈለው 700 ዶላር ነው። አፍሪካን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በመጽሔቱ ላይ በወጣው ታሪክ ውስጥ ታይገር የሚባለውን ባለ መስመር የእስያ ነብር አፍሪካ ጫካ ውስጥ አስገብቶ አንባቢዎች ስለታዘቡት በ1914 በመጽሐፍ ሲታተም ወደ ሴት አንበሳ ቀየረው። ስህተቱን ማረሙ ጥሩ ነው። የቀረውን ማን ይታዘብለት?

ወንድሜና እኔ ስለ ታርዛን መጨቃጨቅ የጀመርነው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች ላይ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋኑ የለም፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተቃጥለዋል። አንብቤ ስጨርስ ወንድሜ ጋር ሄጄ «የእኛ ታርዛን ውሸት ነው» አልኩት። ሊመታኝ ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጽሐፉ ታርዛን ጆን ክሌይተን የሚባል የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ነው። ወላጆቹ ባሕር ዳርቻ ላይ በሠሩት ጎጆ ውስጥ ይሞታሉ። ካላ የምትባል፣ የራሷ ግልገል የሞተባት እንስት ዝንጀሮ ወስዳ ታሳድገዋለች። አፉን የፈታው በዝንጀሮዎቹ ቋንቋ ነው፤ ስሙም በእነሱ ቋንቋ «ነጭ ቆዳ» ማለት ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ አይነግረንም። ትልቁ ልዩነት ግን የሚጀምረው ጎጆው ውስጥ ነው። ልጁ ወላጆቹ የተዉለትን የሥዕል መጻሕፍት ያገኛል። ፊደሎቹ ትናንሽ ተባዮች ይመስሉታል። ከሥዕሉ ሥር ያሉትን ተባዮች ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ፣ ዓመታት ፈጅቶ፣ ማንበብና መጻፍ ይማራል። የኔታ የለ፣ አለንጋ የለ። እኔ ሀ ሁ የቆጠርኩት ስንት ቁንጥጫ ቀምሼ እንደሆነ ሳስበው ቅናት ቢጤ ይሰማኛል።

ታዲያ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ ድምፁን አያውቀውም። ዳርኖ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ከሞት ያተርፍና መናገር የሚማረው ከእሱ ነው። ስለዚህ ታርዛን በእንግሊዝኛ እያነበበ በፈረንሳይኛ ያወራል። ድሬዳዋ ቢያድግ ኖሮ ማንንም አያስደንቅም ነበር።

እኛ ያየነው ግን ይህን ሰው አይደለም። እኛ ያየነው ጆኒ ዋይዝሙለርን ነው። ዋይዝሙለር ዋናተኛ ነበር። በ1924 ፓሪስና በ1928 አምስተርዳም ኦሎምፒክ በድምሩ አምስት የወርቅ ሜዳሊያ ወስዷል። 100 ሜትርን ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የሆሊዉዱ ፊልም ኩባንያ ኤምጂኤም በ1932 የመጀመሪያውን ንግግር ያለው የታርዛን ፊልም ሲሠራ መረጠው። ከዚያ እስከ 1948 ድረስ አሥራ ሁለት የታርዛን ፊልም ሠራ። ትወና ብዙም አይችልም። ግን እንዴት እንደሚራመድ አይታችኋል? ውሃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። በልጅነታችን አዋሽ ወርደን እሱን ለመምሰል ያልሞከርን የለንም። አዞ መኖሩን እናውቃለን። ታርዛን አዞ ያሸንፍ የለ?

መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች ዛሬም ድረስ ዋይዝሙለርን ይቅር አላሉትም። ቋንቋ የሚያውቀውን፣ መጽሐፍ የሚያነበውን ሰው አፉ የተሳሰረ አድርጎ አስቀረው ይላሉ። ባሮውስ ራሱም ደስ አላለውም። በ1935 ኸርማን ብሪክስ የሚባል የአሎሎ ኦሎምፒያን የሚተውንበት፣ ጓቲማላ ድረስ ተሂዶ የተቀረጸ፣ እንደ ጨዋ ሰው የሚናገር ታርዛን እንዲሠራ በገንዘብ ገባበት። ፊልሙን በኋላ አይቼዋለሁ። ብሪክስ ጥሩ ይናገራል። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

ወንድሜ በዚህ ክርክር ያሸነፈኝ አንድ ነገር ተናግሮ ነው። «ታርዛን እንግሊዝኛ ቢችል ኖሮ እኛ ምን ይገባን ነበር?» አለ። መልስ አጣሁ። ለአሜሪካ ተመልካች የተሳሰረ አፍ ስድብ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ያ ሰው እንደኛ ነበር። ጄን፣ ፊልሙ ውስጥ ያለችው ፈረንጅ ልጅ፣ ትናገራለች፤ እሱ አይገባውም፤ እኛም አይገባንም። ደረቷን ነክቶ «ጄን»፣ የራሱን ደረት መትቶ «ታርዛን» ሲል እኛም አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አብረን አልን። ያች ትዕይንት የመጀመሪያዋ የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ናት ማለት ይቻላል። (ወንድሜ «እኔ ታርዛን፣ አንቺ ጄን» ብሏል ብሎ ሲከራከረኝ ኖሯል። ፊልሙን እንደገና አየነው። አላለም። በዓለም ላይ ታዋቂ የሆነው አባባል ፊልሙ ውስጥ የለም።) በነገራችን ላይ ዋይዝሙለር ራሱ የተወለደው ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ባለ ቦታ፣ ጀርመንኛ ከሚናገር ቤተሰብ ነው። በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ የስደተኛ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ አፍ የሚፈታ፣ ውጭ በእንግሊዝኛ የሚኮላተፍ ልጅ ምን እንደሚመስል ወንድሜ ከሁለት ሴት ልጆቹ በደንብ ያውቀዋል። የእሱዎቹ ግን በተቃራኒው ነው፤ የሚኮላተፉት በአማርኛ ነው።

ስናድግ ፊልሙን እየሸራረፍን ማየት ጀመርን። ዝሆኖቹ የህንድ ዝሆኖች ናቸው፤ የአፍሪካ እንዲመስሉ ትልልቅ ጆሮ ተለጥፎላቸዋል። አንዴ ካወቃችሁ በኋላ ዓይናችሁን ከጆሯቸው ላይ መንቀል አትችሉም። ጫካው የካሊፎርኒያ ነው። ከበስተጀርባ የሚታየው እውነተኛው አፍሪካ ኤምጂኤም ከዚያ በፊት ለሠራው ሌላ ፊልም የቀረጸው ትርፍራፊ ነው። በ1932ቱ ፊልም ውስጥ የሚታዩት ድንክ «አረመኔዎች» ደግሞ ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው። ይህን ሳውቅ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ቀረ። ያኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ «በለው!» እያልን የምናጨበጭበው ማን ላይ ነበር? አክተሩ አይሞትም፤ ይህ የቪዲዮ ቤት ሕግ ነው። የሚሞተው ግን ሁልጊዜ እኛን የሚመስለው ነበር። አንዳችንም አላስተዋልንም። ሃያ የሚሆን ጥቁር ሕፃን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ነጩን ሰው ሲደግፍ ይታያችሁ።

እዚህ ላይ ወደ መጽሐፉ ልመለስ፤ የመጽሐፉ ወዳጆች ቋንቋውን መልሱለት ሲሉ አንድ ነገር ይዘላሉ። ታርዛን ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ ፊደል ከተማረ በኋላ ለሰዎች የጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምንድን ነው? የጎጆው በር ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ቤቱ የእሱ መሆኑን፣ እሱም የአውሬዎችና የብዙ ጥቁር ሰዎች ገዳይ መሆኑን ይናገራል። መጽሐፉ ይህን የሚያቀርበው እንደ ጀግንነት ነው። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ከሻይ በኋላ ቀጠልኩ፤ አልዋሽም፣ ታሪኩ ይጎትታል። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የዋይዝሙለር ዝምታ እንደ ምሕረት ይታየኛል። ያልተናገረው ብዙ ነገር አለ።

ከኋለኞቹ ፊልሞች የምወደው የ1984ቱን «ግሬይስቶክ»ን ነው። ክሪስቶፈር ላምበርት ዓይኑ በጣም ደካማ ነው፤ ያለ መነጽር ሲተውን ያ አሻግሮ የሚያይ የሚመስል አስተያየቱ ይመጣል። ለታርዛን ደግሞ ተስማምቶታል። የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል፣ ዝንጀሮዎቹ መካከል ያለው፣ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ወንድሜ በዚህ ክፍል ይስማማል። እንግሊዝ አገር ሲደርሱ ግን ይተኛል። የዲስኒ የ1999 ካርቱን ደግሞ ችግሩን የፈታው በሚገርም መንገድ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ አንድም አፍሪካዊ የለም። ሰው ከሌለ ማንም አይቀየምም። የወንድሜ ልጆች ዘፈኖቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ እኔም አንዱን።

በ2016 የወጣው ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ፊልሙ ያን ያህል አልተወደደም። ታሪኩን የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን በሚግጥበት ዘመን ውስጥ አስቀምጦታል። ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስን፣ በ1890 ለሊዮፖልድ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ግፉን ያጋለጠውን እውነተኛ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የታርዛን ጓደኛ አድርጎ አስገብቶታል። ሳሙኤል ጃክሰን ነው የሚጫወተው። ታርዛን አሁንም ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ሕዝቡን ነጻ ያወጣል፤ ስለዚህ ብዙም አልተለወጠም ሊባል ይችላል። አንዲት ትዕይንት ግን አለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ካላን በቀስት የሚገድላት የአለቃ ምቦንጋ ልጅ ነው፤ ታርዛንም ልጁን ይገድለዋል። መጽሐፉ ለአባትየው ሐዘን ቦታ አይሰጠውም። በፊልሙ ምቦንጋ፣ የሚጫወተው ጂሞን ሁንሱ ነው፣ ታርዛንን ፊት ለፊት ያገኘዋል። የተዋጉት ተዋግተው ሲያበቃ አባትየው እያለቀሰ፣ ልጄ እኮ ገና ልጅ ነበር፣ ክብርህ የት ነበር ይለዋል። ታርዛንም ክብር እንዳልነበረው ያምናል። ከመቶ ዓመት በላይ ዝም ያለው አባት ነው የተናገረው። ይህን ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ማን ነው የተጫወተው?» አለኝ። የቤኒን ልጅ ነው አልኩት።

አሁን ወደ ታርዛና ልመለስ። ወንድሜ መኪናውን አቁሞ እያወራኝ ነው። ባሮውስ በ1950 ሲሞት አመዱ እዚያው በቢሮው ግቢ ዛፍ ሥር እንደተቀበረ ነገርኩት። «አንዱ ከዛፍ ይወድቃል፣ አንዱ ዛፍ ሥር ይተኛል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንድ የቆየ ነገር ላነብለት እንደምፈልግ ነገርኩት።

ባሮውስ ከሃያ በላይ የታርዛን መጽሐፍ ጽፏል። ከእነሱ አንዱ በ1932 በመጽሔት የወጣ ነው፤ ዋይዝሙለር በጀመረበት ዓመት ማለት ነው። ስለ አንዲት የወርቅ ከተማ ነው። ያነበብኩት በቅርቡ ሲሆን ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የሚጀምረው በዝናብ ነው። ከትግሬና ከአማራ ወደ ጎጃም፣ ሸዋና ከፋ የሚወርደው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዝናብ፤ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ሱዳንና ግብፅ የሚወስደው። ደራሲው ክረምትን ነው የሚያወራው። የእኛን ክረምት። ጭቃውን፣ የሞላውን ወንዝ። በጠመንጃ የታጠቁ ፈረሰኞች ከዚያ ጭቃ ውስጥ ይመጣሉ፤ እነሱን የሚጠራቸውም በአማርኛ ስማቸው ነው። ሽፍታ ይላቸዋል። በቪዲዮ ቤቱ ዘመን አንዲትም ቃል ያልገባን ልጆች ነበርን፤ ለካ ታርዛን አንድ ጊዜ ሰዎች በእኛው ቃል በሚጠሩበት አገር ውስጥ ተንከራቷል።

ያን መጽሐፍ ሆሊዉድ አልነካውም። በ1966 ስሙ የሚመሳሰል አንድ የታርዛን ፊልም ወጥቶ ነበር፤ ስለ ወርቅ ሸለቆ ነው፤ ሜክሲኮ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የሸዋ ክረምት ውስጥ የሚሮጥ ታርዛን በፊልም ማንም አላየም። ቢሠራም ጉድ ነበር የሚሆነው። ሽፍቶቹን እነማን ይጫወቱ ነበር? ፈረሶቹስ የሚለጠፍባቸው ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ለወንድሜ እያነበብኩለት፣ እየተረጎምኩለት ነው። ድንገት እንደዚያ ጎረምሳ እየሆንኩ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ከመጽሐፉ ይልቅ የእኔ ንግግር ረዘመ። ወንድሜም ገብቶታል መሰለኝ፣

«የሰፈር ሰው ስም እንዳትጨምር» አለኝ።

ሽፍቶቹ ታርዛንን ጫካ ውስጥ ያሳድዱታል፤ እሱ ያመልጣቸዋል። ማታ ግን ራሱ ወደ ሰፈራቸው ተመልሶ ይመጣል፤ የያዙት አንድ ነጭ እስረኛ አለ፣ ሊያስፈታው ነው። ፈረሶቹ ታስረዋል። እሳት ነዷል። ዘበኞች ተቀምጠዋል። ታርዛን ከዛፍ ላይ እያየ ነው። እዚህ ላይ ቆም አልኩ፤ ድሮ ካሴቱ የሚቆራረጠው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነበር።

«ቆይ» አለ ወንድሜ። «እነዚህ ሽፍቶች የየት አገር ናቸው አልክ?»

«ከዚሁ፣ ከእኛው።»

የመኪናውን ሞተር ሲያስነሳ ሰማሁት።

«እንግዲያው እኔ በዚህኛው የምደግፈው ሽፍቶቹን ነው» አለ።